«ጅዳ ሩቅ ነው» ያለው ጎሚስታ

አያ ሙሄን ያወቅኩት በአንዲት ጀሪካን ውሃ ምክንያት ነው።

እኔ ከሚሴ ባጃጅ ነው የምነዳ። ቶፊቅ እባላለሁ። ትምህርቴን ከስምንተኛ ነው ያቆምኩት፣ እንዲህ ረዘም ያለ ነገርም ጽፌ አላውቅም። የሳትኩት ነገር ካለ ከወዲሁ አውፍ በሉኝ።

ያን ቀን የኋላ ጎማዬ ተነፈሰብኝ። አንዲት ሴትዮ ከነዶሮዋ ጭኜ ነበር። እሷን ለሌላ ባጃጅ ሰጠሁና የራሴን እየገፋሁ በደሴ መውጫ በኩል ካለው ጎማ ቤት ሄድኩ። ትንሽ የቆርቆሮ ቤት ናት፣ ከፊቷ ያለቁ የጭነት መኪና ጎማዎች ተጋድመዋል፣ ሰው እንደ ወንበር ይቀመጥባቸዋል። ጎሚስታው ረጅም ነው፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ። «አከም ቡልቴ» ብዬ እንዴት አደርክ አልኩት። «ነጋ» አለኝና ወዲያው ጎማዬን ይፈታ ጀመር። ሌላ ወሬ የለም።

የውስጡን ጎማ ነፍቶ ሳፋው ውስጥ ሲነክረው ውሃው አልበቃ አለው። ቀዳዳው የት እንዳለ የሚታወቅ ውሃው ውስጥ አረፋ ሲያወጣ ነው፣ ውሃው ካነሰ አይታይም። እኔም ልርዳው ብዬ ዞር ዞር ስል ከመደርደሪያው ላይ፣ ከማጣበቂያው ጎን፣ አንዲት ነጭ ጀሪካን አየሁ። ውሃ ሙሉ ናት። አወረድኳትና ክዳኗን ልከፍት ስል፦

«ተው! ተው አልኩህ! አስቀምጥ!»

እንደዚያ የሚጮህ ሰው አልመሰለኝም ነበር። ከተቀመጠበት ዘሎ ተነሳ፣ እጁን በሸሚዙ ጠረገና ተቀብሎኝ ቦታዋ መለሳት።

«ምነው፣ ቤንዚን ነው እንዴ?» አልኩት፣ ደንግጬ።

«ዘምዘም ነው።»

«ታዲያ የመካ ውሃ ይጠጣል እንጂ አቧራ ላይ ይቀመጣል?»

ጎማዬን ለጥፎ፣ ነፍቶ፣ አስሮ ከጨረሰ በኋላ ነው የመለሰልኝ። «የእናቴ ነው» አለ። «ሳትደርስበት ሞተች።» ከዚያ ደግሞ «ውሃውስ ደርሶ ነበር፣ እኔ ነኝ ያላደረስኳት» አለ።

ይህ ነገር ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ከዚያ በኋላ ጎማዬ ባይተነፍስም መግባት ጀመርኩ። ተሳፋሪ ሲጠፋ እዚያ ጎማ ላይ እቀመጣለሁ፣ እሱ ይሠራል፣ አንዳንዴ ያወራል። አሁን የምጽፈውን ያገኘሁት እንዲህ ቁርጥራጩን ነው፣ የጎደለውን ደግሞ ሚስቱ ነጅዋ ሞልታልኛለች።

ሙሉ ስሙ ሙሀመድአሚን ነው። ሙሄ የሚለውን ያወጡለት እናቱ ናቸው፣ ሰውም በዚያው ለመደው። እናቱ እማ ፋጡሜ በርበሬና ጨው ነጋዴ ነበሩ። ባቲ ገበያ ከቆላ የሚመጣውን ጨው ይገዛሉ፣ ጨፋ ሮቢት ወስደው ይሸጣሉ። ባላቸው ቀድሞ ስለሞተባቸው ሁለቱን ልጆቻቸውን፣ ሙሄንና ታናሽ እህቱን ረቢአን፣ ያሳደጉት በዚያ ነው።

አያ ሙሄ ወጣት ሳለ ሳዑዲ ሄዷል። የሄደው ግን በእግሩ ነው። ከባቲ ወርዶ በአፋር በረሃ፣ ከዚያ ጅቡቲ፣ ከዚያ ጀልባ፣ ከዚያ የመን። «የመን ላይ ጫማዬ አለቀ» አለኝ አንድ ቀን። «የመኪና ጎማ ቆርጬ፣ በገመድ እግሬ ላይ አስሬ ነው የሄድኩት። ጎሚስታ የሆንኩ ያኔ ነው።» እሱም ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ፣ ኋላ ግን ማሳቁም ቀረ። ጅዳ ለመድረስ ወራት ነው የፈጀበት። አብረውት ከወጡት ያልደረሱ አሉ። ገብቶም መኪና እያጠበ ትንሽ እንደቆየ ተያዘና እስር ቤት ከረመ።

የመለሱት ግን በአውሮፕላን ነው። ይህን ልብ በሉልኝ። አያ ሙሄ ከጅዳ አዲስ አበባ በአውሮፕላን መጥቷል፣ ስንት እንደፈጀበት ግን አያውቅም። ትኩሳት ይዞት ነበር። ደግሞም ባዶ እጄን እናቴ ፊት እንዴት ልቆም ነው እያለ ጃኬቱን ተከናንቦ ነበር። «ሲነሳም አላየሁ፣ ሲያርፍም አላየሁ። ጃኬቱ ውስጥ ነበርኩ» ነው ያለኝ። አዲስ አበባ መጠለያ አስቀመጧቸው፣ ቆይቶ በአውቶብስ ከሚሴ ገባ። እሱ የሚቆጥረው ከተያዘበት ቀን ጀምሮ ነው። ስለዚህ በእሱ ልብ ጅዳ ማለት ሲሄዱትም ወራት፣ ሲመለሱትም ወራት ነው።

ሰፈሩ ግን እንዲህ አላወቀለትም። አረብ አገር የደረሰ ሰው ተባለ። ሾፌሮቹ ደግሞ «ሀጂ» ብለው ስም አወጡለት። ሀጅ አላደረገም እኮ፣ ለቀልድ ነው። «ሀጂ ሙሄ! ሰይጣኑን ወግረህ ነው የመጣህ ወይስ እሱ ወግሮህ?» ይሉታል ክሪክ ሲያወጡለት። እሱም «መጀመሪያ አንተን ልውገርህ፣ ጎማህን አቅርብ» ይላል። ደስ ይለው ነበር አለችኝ ነጅዋ። ባዶ እጁን የመጣ ሰው ስም እንኳ ሲያገኝ ደስ ይለዋል።

ረቢአ ግን በወጉ ነው የሄደች፣ በቪዛ። ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች። እማ ፋጡሜ ሲታመሙ አሠሪዋን አስፈቅዳ ትኬት ቆረጠች። ልትመጣ የነበረ ሐሙስ ነው።

በዚያው ሐሙስ፣ ሊነጋ ሲል የሱብሂ አዛን ሲባል፣ እማ ፋጡሜ ሞቱ። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።

አያ ሙሄ ደወለላት። እሷ ሻንጣዋን አስረክባ ጅዳ ኤርፖርት ተቀምጣለች።

«ረቢአ፣ እማ…» አለ።

«ሞተች?»

«አዎ።»

ስታለቅስ ሰማት። አጠገቧ ሌሎች ሰዎች ሲያወሩ፣ ማይክራፎን ሲጮህ ይሰማል። ከዚያ ድምጿን ሰብሰብ አድርጋ «ሙሄ፣ ስማኝ» አለችው። «አሁን ልገባ ነው። ዛሬ እደርሳለሁ። ሳልደርስ እንዳትቀብሩብኝ። ፊቷን ልየው ብቻ፣ ሌላ አልልህም።»

«ኢንሻአላህ» አላት። ስልኳ ተዘጋ።

እኛ ዘንድ ጀናዛ አይቆይም። ሰው ከሞተ ቶሎ አጥቦ፣ ከፍኖ፣ ሰግዶ መቅበር ነው። ወንዶቹ መቃብሩን ቆፈሩ፣ ሴቶቹ እማ ፋጡሜን አጥበው ከፈኑ። ረፋዱ ላይ ሁሉም አለቀ፣ የቀትሩ የዙህር ሶላት እየደረሰ ነው። የመስጊዳችን ኢማም ሼህ ጀይሉ ሰው በተሰበሰበበት ተነሱ።

«ልጅቷ መንገድ ላይ ናት ተብሏል» አሉ። «ማል ጎና? ምን እናድርግ? ከዙህር አልፈን ከሰዓት በኋላ እስካለው የአስር ሶላት ድረስ ብንጠብቅ ችግር የለውም፣ ያውም ለልጅ። ከዚያ ማለፍ ግን አይሆንም።» ወደ አያ ሙሄ ዞሩ። «እስቲ አንተ ንገረን። ከዚህ ሁሉ ሰው ጅዳን የሚያውቅ አንተ ነህ። ከጅዳ እዚህ ስንት ይፈጃል?»

ሰው ሁሉ እሱን አየ።

«ሩቅ ነው ሼኬ» አለ። «ጅዳ ሩቅ ነው። ዛሬ አዲስ አበባ ከገባችም ቶሎ ገባች ነው የሚባል። የአዲስ አበባውን መንገድ ደግሞ እኔ አውቀዋለሁ፣ ረፍዶ የተነሳ መኪና ሳይመሽ ከሚሴ ገብቶ አያውቅም። ዛሬ አትደርስም።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

«እንግዲያውስ አላህ የወደደው ይሁን» አሉ ሼህ ጀይሉ። ከዙህር ሶላት ቀጥሎ ተሰገደባቸው፣ ተቀበሩ።

እኔ በዚህ ብዙ አሰብኩ። አያ ሙሄ ሁሉን ነገር በጎማ ነው የሚያስበው። የደብረ ሲናው ቁልቁለት ጎማ እንዴት እንደሚያግል፣ ሸዋ ሮቢት ሙቀቱ እንዴት እንደሚያፈነዳ ያውቃል። ከአዲስ አበባ የመጣ መኪና ጎማውን ነክቶ ስንት ሰዓት እንደተነሳ ይነግርሃል። ኮምቦልቻ ላይ አውሮፕላን እንደሚያርፍም ያውቃል፣ ሲያልፍ ይሰማዋል። ግን የባለሥልጣን ነው የሚመስለው። ከእኛ ሰፈር የተሳፈረበት ሰው አልነበረማ። ኮምቦልቻ ደግሞ ከእኛ በመኪና አንድ ሰዓት ብትሆን ነው። አጎራባች ከተማ ናት፣ ዕቃ ልንገዛ ሄደን እንመለሳለን።

ከቀብር ተመልሰው፣ ድንኳኑ በር ላይ ገና እጃቸውን ሳይታጠቡ፣ አንድ ነጭ የኮንትራት መኪና መጣ። ከኮምቦልቻ ነው። በሩ ተከፈተ፣ ረቢአ ወረደች። ሻንጣዋን መኪናው ውስጥ ትታዋለች፣ በእጇ የያዘችው ያችን ነጭ ጀሪካን ነው።

«የት ናት?» አለች።

ሴቶቹ ጩኸቱን ሲያቀልጡት እሷ አላለቀሰችም። ወንድሟን ከላይ እስከ ታች አየችው። ሱሪው ጉልበቱ ላይ አፈር አለ፣ ገና ያልደረቀ አፈር።

«መቼ?»

«አሁን። ከዙህር በኋላ።»

«አሁን?»

«ሩቅ መሰለኝ ረቢአ።»

«ሁለት ሰዓት እኮ ነው!» አለችው። «ሁለት ሰዓት ከምናምን ነው አዲስ አበባ። ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ አንድ ሰዓት አይሞላም፣ ሻይ ሰጥተውን ጠጥቼ ሳልጨርስ ነው ያረፈው። ኤርፖርት ቁጭ ብዬ የጠበቅኩት ይበልጣል። ሌላው ሰው እንኳ አይወቅ ሙሄ፣ አንተ? አንተ ሄደህ የመጣኸው?»

ጀሪካኗን እግሩ ሥር አስቀመጠች። «ከንፈሯን ላርስባት ነበር ያመጣሁት» አለችና ሴቶቹ ጋ ገባች።

የለቅሶው ቀን እስኪያልቅ ከሴቶቹ መሀል አልወጣችም። ከዚያ ተመልሳ ሄደች። ሲሸኟት ሁሉንም አቅፋ ሳመች፣ እሱን ግን በሩቅ «አሰላሙ ዓለይኩም» ብላው ነው መኪና የገባች። አሁንም ለነጅዋ ትደውላለች። የልጆቹን ትምህርት ትጠይቃለች፣ ሼህ ጀይሉን ሰላም በይልኝ ትላለች፣ የጎረቤቱን ላም ሳይቀር ትጠይቃለች። የእሱን ስም አትጠራም። እሱ እዚያው ነጅዋ አጠገብ ተቀምጦ ይሰማል።

አንድ ቀን ደፈር አልኩና «አያ ሙሄ፣ አንተ እኮ አስበህ አይደለም፣ ሩቅ መስሎህ ነው። አብሽር» አልኩት።

በእጁ የያዘውን ብረት አስቀመጠ። «እሱን ለረቢአም ብያታለሁ፣ ሩቅ መሰለኝ ብዬ። እውነቱ እሱ አይደለም። አላውቅም ነበር። ሼህ ጀይሉ ሲጠይቁኝ አላውቅም ብል ኖሮ አንዱ ስልኩን አውጥቶ ለሚያውቅ ሰው ይደውል ነበር። ቢያንስ እስከ አስር ሶላት እንጠብቅ ይባል ነበር። ግን ሰው ሁሉ አየኝ። ይህን ሁሉ ዘመን ሀጂ ሀጂ ሲሉኝ ኖረው፣ ያን ቀን ጅዳን የማላውቅ ልሁን? አፈርኩ ቶፊቅ። አላውቅም ማለት አፍሬ እናቴን ከልጇ ፊት ነጠቅኩ።»

ሀጂ የሚሉትም አሁን የሉም። ራሱ ነው ተዉኝ ያላቸው።

ባለፈው ክረምት ማለቂያ ላይ «ኮምቦልቻ ትወስደኛለህ?» አለኝ። ባጃጅ እዚያ ድረስ አይሄድም። ሚኒባስ ተሳፈርን። ኤርፖርቱ በር ላይ ሰው ሊቀበሉ ከመጡት ጋር ቆምን፣ ጥበቃው «ማንን ነው?» ሲለን አያ ሙሄ «እህቴን» አለ። እኔ ዞር አልኩ።

አውሮፕላኑ መጣ። ትንሽ ነው፣ ሁለት ፕሮፔለር ያለው። ከተሰማ በኋላ ለማረፍ ምንም አልቆየም። ሰዎቹ መውጣት ጀመሩ፣ ከኋላ አንዲት ጥቁር አባያ የለበሰች ልጅ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ካርቶን እየገፋች መጣች። አያ ሙሄ ሄዶ ካርቶኑን ያዘላት።

«እንኳን ደህና ገባሽ እህቴ። ከየት ነው?»

«ከጅዳ።»

«መቼ ተነሳሽ?»

«ዛሬ ጠዋት ነዋ።»

«ቁርስ የት በላሽ?»

ልጅቷ ሳቀች። «ምነው፣ ልትጋብዘኝ ነው? ቁርሴን እዚያው በልቻለሁ። ምሳዬን ሐርቡ እናቴ ጋ ነው የምበላው፣ እየጠበቀችኝ ነው።»

«በይ ሂጂ» አላት። «ሂጂ፣ አታስጠብቂያት።»

እስከ መኪናው ድረስ ካርቶኗን ተሸከመላት። ከዚያ መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። «ቁርስ እዚያ፣ ምሳ እናቷ ጋ» አለ ለራሱ። እንደገናም አለው።

ያን ዕለት ከመመለሳችን በፊት ስልኩን ሰጠኝና ድምፅ እንዴት እንደሚላክ አሳየኝ አለኝ። እኔ ይዤለት ነው የተናገረ። «ረቢአ፣ ሙሄ ነኝ። ኮምቦልቻ ነኝ፣ መጥቼ አየሁት። ቅርብ ነው። ሩቅ መሰለኝ ያልኩሽ ውሸቴን ነው፣ ሳላውቅ አውቃለሁ ብዬ ነው ያስቀበርኳት። አውፍ በይኝ።» እዚህ ላይ ላክልኝ አለኝ። ማታ ሳየው ምልክቱ ሰማያዊ ሆኗል። ሰምታዋለች ማለት ነው። መልስ ግን እስካሁን የለም።

አሁን የእማ ፋጡሜ ዓመት ሞልቶ አልፏል። የዓመቱ ሰደቃ መደረግ ነበረበት። ሙክቱም ተገዝቷል፣ ጎማ ቤቱ በር ላይ ከአሮጌ ጎማ ጋር ታስሮ ይቆማል። ሼህ ጀይሉ መጡና እዚያው ጎማ ላይ ተቀመጡ። እኔም ነበርኩ።

«ሙሄ፣ የእናትህ ሰደቃ አለፈ እኮ። ረቢአ ትመጣለች?»

«አላውቅም ሼኬ።»

«መቼ ይመስልሃል?»

«አላውቅም።»

«ታዲያ መቼ እናድርገው?»

«እሷ ስትመጣ።»

«ካልመጣችስ ልጄ?»

«አላውቅም። ግን እንጠብቃለን። መንገዱ እንደሁ ቅርብ ነው።»

ሼህ ጀይሉ መቁጠሪያቸውን ትንሽ አንከባለሉ። «አላህ ልቧንም እንደ መንገዱ ያቅርበው» ብለው ተነሱ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሰደቃው ማንም አልጠየቀውም፣ ሾፌሮቹ ብቻ «አያ ሙሄ፣ ይህ ሙክት በሰደቃ አይደለም፣ በጡረታ ነው የሚሞት» እያሉ ይቀልዱበታል። እሱም ፈገግ ይልና ሣር ይጨምርለታል። ዘምዘሟም እዚያው ናት። አቧራዋን በየቀኑ ያራግፋል፣ ክዳኗን ግን አይነካም። የምትከፍታት ረቢአ ናት ይላል።

የጻፍኩት ለዚህ ነው። በከሚሴ የምታልፉ ሰዎች፣ ወደ ደሴ ስትወጡ በስተቀኝ ሙክት የታሰረበት ጎማ ቤት አለ፣ ጎማችሁ ባይተነፍስም ግቡና አያ ሙሄን ዘይሩት። ጎማው ላይ ተቀመጡ። ከየት መጣችሁ፣ ስንት ፈጀባችሁ ብሎ ይጠይቃችኋል። ያመዋል ብላችሁ አትደብቁት፣ እውነቱን ንገሩት። የማታውቁ ከሆነ አላውቅም በሉት፣ እሱም ደስ ይለዋል። ጅዳ ያላችሁ ደግሞ የከሚሴዋን ረቢአን፣ የእማ ፋጡሜን ልጅ፣ የምታውቋት ካላችሁ፣ ወንድምሽ ሰደቃውን ሳያደርግ እየጠበቀሽ ነው በሏት። ቁርሷን እዚያ በልታ ብትነሳ ለምሳ እንደምትደርስ አሁን ያውቃል።